ዋስ ፍለጋ ወደ ፋርስታ

ባሌ ደምሴ ተራ ሰው ነው። ይህን የምለው ልነቅፈው ፈልጌ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ትዳራችን ውስጥ ምን ሊል እንደሆነ አፉን ሳይከፍት አውቅ ነበር። ወጡ ጨው ቢበዛበት "ጥሩ ነው" ይላል፤ ቢያንሰውም "ጥሩ ነው" ይላል። ስቶክሆልም ላይ አውቶቡስ ሲነዳ ፀጉሩ ሸበተ፤ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም፤ ይኸው ነው ታሪኩ ብዬ ደምድሜ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ያ ሰው ዓይኔ እያየ ሌላ ሰው ሆነብኝ። እናንተም አብራችሁ የምትኖሩትን ሰው ጨርሼ አውቄዋለሁ የምትሉ ከሆነ፣ ጥቂት ታገሡኝና ይህን ስሙኝ።

መጀመሪያ ስለ ልጃችን ስለ ዮናስ ልንገራችሁ። አንድ ልጃችን ነው፤ እዚሁ ስቶክሆልም ዳር፣ ሱንድቢበሪ ተወልዶ አደገ። እኛ በአማርኛ እናወራዋለን፣ እሱ በስዊድንኛ ይመልስልናል፤ እንዲህ ሆነን ኖረናል። ትምህርቱን ሲጨርስ እንደ አባቱ አውቶቡስ ሊነዳ አስቦ ነበር። አንድ ምሽት ባቡር ጣቢያ ላይ ፖሊስ አስቆመው። ዓይንህ ቀልቷል ተባለ፣ ሽንቱ ተመረመረ፣ ሐሺሽ ተገኘበት። እዚህ አገር ይዞ መገኘት ብቻ ሳይሆን ማጨሱ ራሱ ወንጀል ነው። ተቀጣ፤ የመንጃ ፈቃዱም ነገር በዚያው ተደናቀፈ። ይህን ሁሉ ማንም አላሳበቀበትም። ራሱ መጥቶ አባቱ ፊት ቁጭ ብሎ ተናገረ። ደምሴ አልጮኸም። "እዚህ ቤት ዕፅ የሚያጨስ ሰው አይኖርም" አለና ተነሥቶ በሩን ከፈተለት። አለቀስኩ፣ ለመንኩ፤ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነብኝ።

ከዚያ ወዲህ ዮናስ በከተማው ደቡብ ጫፍ፣ ፋርስታ፣ ከሰው ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ትልቁ የገበያ ማዕከል ውስጥ ዕቃ እያራገፈ ይኖራል። እኔ በየሳምንቱ ምግብ በሳጥን ይዤ እሄዳለሁ። ደምሴ ያውቃል፤ ግን እንደማያውቅ ይሆናል። የልጁን ስም ሲጠራ ከሰማሁ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ጭንቀቴ አንድ ብቻ ነው፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች እንደተኳረፉ አንዳቸው ይሞቱብኛል የሚል። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። ልጁን እየጠበቀ ዓይኑ በር ላይ የሚቀር ሽማግሌ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ። አልቢ ሰፈር ያለው የአበሾች ማኅበራችን በየዓመቱ መጸው ሲገባ የ"በላ ልበልሃ" ቀን ያዘጋጃል። ጥንት በአገራችን ሰው ያለ ጠበቃ ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ኩታውን አደግድጎ፣ በአፉ ብቻ ይሟገት የነበረበት ሥርዓት ነው። ልጆቻችን ይወቁት ብለን ነበር የጀመርነው፤ ልጆቹ ስልካቸውን ሲነካኩ የሚደሰቱት ሽማግሌዎቹ ሆኑ። ዳኛው ሁልጊዜ ጋሽ ለማ ናቸው። አገር ቤት ሳሉ የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ሥርዓት ሲጓደል ግን እንደ ጎረምሳ ነው የሚቆጡት።

ርዕሱን የሚመርጡት ወጣቶቹ ናቸው። በፊት በፊት "ከተማ ይሻላል ወይስ ገጠር" ዓይነት ነበር። ጀርመን ሐሺሽን ለአዋቂዎች ከፈቀደች ወዲህ ግን እዚህም ክርክሩ ከቴሌቪዥን አልፎ ምሳ ሰዓት ላይ ደርሷል፤ እኛ መሥሪያ ቤት እንኳ ሁለት ነርሶች በዚሁ ተኳርፈዋል። ስለዚህ ወጣቶቹ "ሐሺሽ ተፈቅዶ በመንግሥት ቁጥጥር ይሸጥ ወይስ እንደተከለከለ ይቅር?" የሚል ርዕስ ይዘው መጡ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ጋሽ ለማ "ችሎት ነገር አይመርጥም" ብለው አጸደቁት።

ተሟጋቹም፣ የሚቆምለትም ወገን የሚለየው በዕጣ ነው። የማኅበሩ አባል ሁሉ ስሙ ቆብ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የወጣችው ሕሊና ናት፤ የሕግ ተማሪ፣ ምላሷ ስለት የሆነ ልጅ። በዩኒቨርሲቲዋ "ይፈቀድ" ከሚሉት ጋር ሰልፍ እንደምትወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ዕጣዋ "ይከልከል" ሆነ። አዳራሹ ሳቀ።

ቀጥሎ ጋሽ ለማ ብጣሿን ወረቀት ከዓይናቸው አርቀው "ደምሴ" ብለው አነበቡ። ሁለተኛዋንም አነበቡ፤ "ይፈቀድ።"

በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። ልጃችን ለምን ከቤት እንደወጣ የማያውቅ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። እኔ የማዕድ ቤት ተረኛ ነበርኩ፤ ሽርጤን እንዳሸረጥኩ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

የደምሴ ጓደኛ ብርሃኑ "ዕጣው ይደገም" አለ።

"ዕጣ አይደገምም" አሉ ጋሽ ለማ። "ደምሴ፣ ትቀበላለህ?"

"እቀበላለሁ።"

"እንግዲያው ዋስህን ጥራ።"

በሥርዓቱ ሙግት ከመጀመሩ በፊት ተሟጋቹ ዋስ ይጠራል። ዋሱ በሐሳቡ ላይስማማ ይችላል። የእሱ ሥራ "ይህ ሰው ከፍርድ አይሸሽም፤ ቢረታም ውርርዱን ይከፍላል፤ ለዚህ እኔ አለሁ" ማለት ነው። ውርርዱ ማር ነው። ሕሊና አጠገቧ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን ጠራች። ደምሴ ብርሃኑን እንደሚጠራ እርግጠኛ ነበርን፤ ብርሃኑም ኮቱን መቆለፍ ጀምሯል።

ደምሴ ግን ኩታውን አደግድጎ "ዋሴ ልጄ ዮናስ ነው" አለ።

የበሩን መቃን ያዝኩ።

"እሱ እኮ እዚህ የለም" አለ ብርሃኑ ቀስ ብሎ። "ሌላ ሰው ጥራ።"

"ስሙ ተጠርቷል።"

ጋሽ ለማ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። "ዋስ ሳይቀርብ ሙግት አይሰማም" አሉ። "የት ነው ያለው?"

"ፋርስታ።"

"እስከ አሥር ሰዓት ቀጠሮ ሰጥቼሃለሁ። ሂድና አምጣው።"

ሽርጤን አውልቄ ተከተልኩት።

ቀዩን መስመር ባቡር ይዘን እስከ ስሉሰን ጣቢያ ሄድን። ደምሴ ነጭ ኩታውን እንዳደገደገ ነው፤ ከፊቱ የተቀመጠች ልጅ ደጋግማ ሰርቃ ታየዋለች። ስሉሰን ወርደን ወደ ፋርስታ የሚሄደውን አረንጓዴውን እስክንጠብቅ ድረስ ጥያቄዬን ቻልኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልቻልኩም።

"ምን ነካህ?" አልኩት።

"እኔም አላውቅም" አለ። "ዋስህን ጥራ ሲሉኝ ብርሃኑ አፌ ላይ ነበር። የወጣው ግን የልጁ ስም ሆነ።"

"እምቢ ቢልህስ?"

"መብቱ ነው።"

ባቡሩ መጣ። ደምሴ ባዶ ወንበር እያለ ሳይቀመጥ ቆሞ ሄደ። በበረዶም በጭጋግም ያን ሁሉ ሰው ጭኖ ረግቶ የሚነዳ ሰው! ፈራሁለት። ለልጄም ፈራሁ። በሩ አንድ ጊዜ ከተዘጋ ዳግመኛ አይከፈትም ብዬ ነበር።

ዮናስ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ እኔን አየኝና ፈገግ አለ፤ ምግብ ያመጣሁለት መስሎታል። ከኋላዬ ነጭ የለበሰውን ሰው ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

"ሰው ሞተ እንዴ?" አለ በስዊድንኛ።

"ማንም አልሞተም" አልኩት።

ደምሴ ደረጃው ላይ እንደቆመ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሳያነሣ "ዋስ ፈልጌ መጣሁ" አለ።

ልጄ አልገባውም። ወደ እኔ ዞረ። ስለ ዕጣው፣ ስለ ሙግቱ፣ ስለ ጋሽ ለማ አንድ ባንድ ነገርኩት። "ዋስ ማለት ቦርየንስማን ነው" ብዬ ጨረስኩ። እዚህ አገር ወጣት ቤት ሲከራይ፣ ኪራዩን ባይከፍል እኔ አለሁለት ብሎ የሚፈርምለት ሰው ነው ቦርየንስማን።

ዮናስ አባቱን ትክ ብሎ አየው። "ቤቱን ላገኝ ነበር" አለ። "የራሴ ቤት፣ በራሴ ስም። ቦርየንስማን ብቻ ነበር የቀረኝ። ደወልኩልህ።"

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ወደ ደምሴ ዞርኩ።

"አዎ፣ ደውሎ ነበር" አለ ደምሴ። "አልፈርምም ብዬ ዘጋሁበት።"

ጎረቤት በር ከፍቶ አየንና መልሶ ዘጋው። ደምሴ ራሱን ይከላከላል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንደ ልማዱ "ለጥቅምህ ነው" ይላል ብዬ። አላለም። ኩታውን እንዳደገደገ፣ ዳኛ ፊት እንደሚቆመው፣ ልጁ ፊት ቆሞ ጠበቀ። በዚያች ደቂቃ ነው መደነቅ የጀመርኩት። ለካ ይህ ሰው መለመን ይችላል።

"ለየትኛው ወገን ነው የምትከራከረው?" አለ ዮናስ በመጨረሻ።

"ይፈቀድ ለሚለው።"

ልጄ ሳቀ። ሳይወድ ነው የሳቀው፤ ግን ሳቀ። "እኔ እኮ ትቼዋለሁ። እንዲሸጥም አልፈልግም። አብሮኝ ያጨስ የነበረው ጓደኛዬ አእምሮው ታውኮ አሁንም አልዳነም። ብትጠይቀኝ ያቺ ይከልከል የምትለው ልጅ ናት ልክ።"

"ዋስ መስማማት የለበትም" አለ ደምሴ። "እንዳልሸሽ ብቻ ነው የምትቆመው።"

ዮናስ ወደ ውስጥ ገባ። በሩን ክፍት ትቶት ስለ ነበር ቆመን ጠበቅን። ጃኬቱን ለብሶ ሲወጣ ያመለጠኝን ትንፋሽ ጎረቤትም ሳይሰማው አልቀረም።

አዳራሹ ስንደርስ ምሳ ተበልቶ፣ ሰው ሁሉ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል። እኔ ማዕድ ቤቱ በር ላይ፣ ዮናስ ከአባቱ ጀርባ ቆምን። ጋሽ ለማ "የደምሴ ዋስ አንተ ነህ?" ሲሉት፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ በአማርኛ "እኔ ነኝ" አለ።

ደምሴ ወደ ሕሊና ዞረ። "ተጠየቂ።"

"ልጠየቅ።"

"እኔ፣ ይህን ሽበት ይዤ፣ የመንግሥት መጠጥ ሱቅ ሄጄ መታወቂያ ተጠይቄያለሁ" ሲል ሰው ሳቀ። "ሐሺሽ ሻጩስ ማንን ይጠይቃል? ለእሱ እኔም የአሥራ አራት ዓመት ልጅም አንድ ነን። ስለዚህ መንግሥት ራሱ ይሽጠው፤ ዕድሜ ይጠይቅበት፤ መጠን ያብጅለት። ከጨለማ አውጥቶ መብራት ሥር ያኑረው ነው የምለው።"

ጭብጨባ ተሰማ። እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። "ጥሩ ነው" ብቻ የሚለው ሰውዬ የት ሄደ?

"ሁለተኛ" አለ። "ጫት እዚህ አገር ዕፅ ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ሳጠና ጫት ቅሜ አድሬያለሁ።" ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ቀን እንኳ ይህን ነግሮኝ አያውቅም። "ማንም ሽንቴን አልመረመረውም። አባቴ ሲሰማ ተቆጣኝ፤ ከዚያ ራት ብላ አለኝ። ያው ቅጠል ነው፤ እዚህ ተወልጄ ቢሆን ወንጀለኛ ነበርኩ።"

ድምፁ ዝቅ አለ። "ሦስተኛ። አንድ ልጅ ያጠፋውን ራሱ መጥቶ ለአባቱ ተናገረ። አባቱ ሕጉን አሰበ፤ ሰው ምን ይለኛል አሰበ፤ በሩን ከፍቶ አስወጣው። እውነት የተናገረ የሚባረርበት ቤት የሚያስተምረው ውሸት ነው። እኔ ሐሺሽን ዛሬም እጠላዋለሁ። ግን ልጅ ሲታመም በሕጉ ምክንያት አባቱን ከሕመሙ በላይ የሚፈራው ከሆነ፣ ያ ሕግ ይነሣ። ተጠየቂ።"

ከኋላ አንዲት እናት ስታለቅስ ሰማሁ። ዮናስ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልናገር? በሠርጌ ቀን እንኳ እንዲያ አልኮራሁበትም።

ሕሊና ግን የዋዛ አይደለችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ቀረበች።

"ይጠየቁ፣ ጋሽ ደምሴ።"

"ልጠየቅ።"

"ተፈቅዶ ቁጥጥር ይደረግበት ይላሉ። ጫት አገር ቤት ተፈቅዷል፤ ማን ተቆጣጠረው? ትምህርት ቤት አጠገብ ይሸጥ የለም ወይ? እርስዎ ቅመው ተነሡ። አብረዎት ቅመው ያልተነሡትስ? ስማቸውን አያስታውሱም?"

ደምሴ ዓይኑን ጨፈነ። እንደሚያስታውስ ፊቱ ላይ አየሁ።

"አንድ ልጨምር" አለች፤ ድምፅዋ እንደ መለስለስ አለ። "እኔ ሕግ ተማሪ ነኝ። ሕጉ ያን ልጅ ቀጥቶታል፤ ያለው ቅጣት ግን የታወቀ ነው። ከቤት ውጣ የሚል አንቀጽ እስካሁን አላነበብኩም። በሩን የከፈተው ሕጉ ነው ወይስ አባቱ? ይጠየቁ።"

ልጅቷ ራሷ የደነገጠች መሰለች። ደምሴ መልስ ሊፈልግ ይችል ነበር፤ ቃል አላጠረውም። ግን ወደ ጋሽ ለማ ዞሮ እጅ ነሣ።

"ተረታሁ" አለ። "በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።"

ይህን ያለው ልጁ ከጀርባው ቆሞ፣ ብርሃኑ እያየ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እየሰማ ነው። እኛ አበሾች ይቅርታ በጎን፣ በሽማግሌ፣ በምግብ ነው የምንጠይቀው። ዳኛ ፊት ቆሞ "እኔ ነኝ" ያለ ወንድ በዕድሜዬ አላየሁም።

"ስለ ሐሺሹ ይህ ችሎት አይወስንም" አሉ ጋሽ ለማ። "እሱን የአገሩ ፓርላማ ይጨነቅበት። ስለ በሩ ግን ተፈርዷል። ደምሴ ተረትቷል። ማሩን ይዘሃል?"

"ቤት ነው ያለው።"

"እንግዲያው ቁራኛ ትታሰራለህ።" ቁራኛ ማለት በድሮው ሥርዓት ባለዕዳው ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ከባለጋራው ጋር ኩታ ለኩታ ተቋጥሮ አብሮ መዋል ነው። "ደንቡ ከባለጋራህ ጋር ነው" አሉ ጋሽ ለማ፤ "እሷ ግን ሰኞ ፈተና አለባትና ከዋስህ ጋር ትታሰራለህ። ማሩን አግኝታችሁ እስክትከፍሉ አትፈቱም።" ሥርዓት ሲጓደል የሚቆጡት ሰውዬ ሥርዓቱን በገዛ እጃቸው አጣመሙት። አንድም ሰው አልተቃወመም። የደምሴን ኩታ ጫፍ ይዘው የዮናስን ግራ ክንድ ጠመጠሙና ቋጠሩት።

እንደዚያው ወጡ። ባቡር ውስጥ እንደታሰሩ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ አላስቻላትም፤ ምን ሆናችሁ ብላ ጠየቀች። ዮናስ "አባቴ ፍርድ ቤት ተረታ" አላት። "አንተስ?" አለችው። "እኔ ዋሱ ነኝ" አላት።

ሱንድቢበሪ ደረስን። ደምሴ በነፃ እጁ ቁልፉን አወጣ። በራችን ጠባብ ናት፤ ኩታውም አጭር ሆኖ አንዱ ቀድሞ ሌላው መከተል አልቻለም። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ በጎን በኩል፣ አንድ ላይ ገቡ። ያቺን መግባት እስክሞት አልረሳትም።

ከዚያ ማር ፍለጋ ተጀመረ። ቁም ሳጥኑን ሁሉ ከፈቱ። ዮናስ ሲጎንበስ ደምሴ ይጎነበሳል፤ ደምሴ ሲንጠራራ ዮናስ ይንጠራራል። ማር የለም። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"ነበረ እኮ" አለ ደምሴ።

"እንጃ" አልኩ።

ደምሴን ድካም ያዘውና ወንበር ሳበ፤ ልጁም አብሮ ተቀመጠ። እኔ ያለውን አሙቄ አቀረብኩ። ዮናስ ማዕዱን እያየ እጁን አልዘረጋም፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የራሱ ቤት እንግዳ ሆኖበት ነበር። ደምሴ ጎረሰ፤ አላመጠ። ከዚያ ቀና ሳይል "ራት ብላ" አለው።

ልጄ በላ።

አንባቢዎቼ፣ አሁን እንግዲህ አንቺስ ከየትኛው ወገን ነሽ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔ ዛሬም ይከልከል ባይ ነኝ። የዮናስን ጓደኛ ሆስፒታል ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ይሸጥ ለማለት አፌ አይታዘዘኝም። ዮናስ አይሸጥ፣ የሚያጨሰውም አይከሰስ ይላል፤ እንዴት ሆኖ ስለው ትከሻውን ይነቀንቃል። ሕሊና ሰልፏን አልተወችም። ደምሴን ቤት ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ ሳለን፣ "ያን ቀን የተናገርከው ከልብህ ነው?" ብዬ ጠይቄዋለሁ። ቡናውን አስቀምጦ "ቀጠሮ ይሰጠኝ" አለኝ።

ያ ቀን እኔን የለወጠኝ በሌላ ነው። ስለዚህ ነገር ከሰው ጋር ስነጋገር በፊት ቶሎ እናደድ ነበር። አሁን የማልስማማበትን ሰው ስሰማ ዓይኔ ወደ ጀርባው ይሄዳል፤ ማን ቆሞለት ይሆን እላለሁ። ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ ይፈቀድም በሉ ይከልከል፣ ሕጉን ለሕግ አውጪው ተዉትና የቤታችሁን በር እናንተው ያዙት። ባሌን ደግሞ አውቄዋለሁ ማለት ትቻለሁ። ጧት ጧት ጫማውን ሲያስር ቆሜ አየዋለሁ፤ ዛሬስ ምን ይዞ ይሆን ብዬ።

ዮናስ ቤት ስላገኘ ፋርስታን ለቋል፤ የተፈረመለት በማን እንደሆነ አልነግራችሁም። ሕሊና ደምሴን ባገኘችው ቁጥር ማሬን ትለዋለች። ማር በየሱቁ ሞልቷል፤ ግን እስከ ዛሬ አልከፈላትም፤ ከዋሴ ጋር አልተፈታሁም ይላታል።

ያቺ ከቤት የጠፋችው ማር አልቢ ናት፤ የማኅበሩ ማዕድ ቤት፣ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከሻይ ቅጠሉ ኋላ። ተረኛ ስለ ነበርኩ ያን ዕለት ጧት በእጄ ነው የወሰድኳት። ጋሽ ለማ "ማሩን ይዘሃል?" ሲሉ እኔ ከአጠገቧ ሆኜ እሰማ ነበር።